ከካፒቴኑ ቤት የመጣው አሸዋ

ባለፈው ሳምንት የሕንጻችን የፍሳሽ መስመር እንደገና ተዘጋ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ሳሎን ገብቶ እንደ ዘመድ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ በመጨረሻ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ልብስ ላይ ይቀራል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው። ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ ተሰብስበው የኮሚቴውን ሰብሳቢ ሲያሙ፣ እኔ ሻሼን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር። እነሱን የሸተታቸው ሽንት ቤት ነው። እኔን የሸተተኝ የባሕር አሸዋ ነበር።

አክስቴ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። አሁን አብራኝ ነው የምትኖረው። በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች፣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ታጠበች። እኔም ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠየቅኋትም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ተጸያፊ ነኝ። ይህን ሳታውቁልኝ ታሪኩ አይገባችሁም። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም። ሥጋ ቤት በር ላይ ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጅ እያለሁ ደግሞ የባሰ ነበርኩ፤ ወተት ላይ የሚንሳፈፈውን ስልባቦት ሳይ ቋቅ ይለኝና ከገበታ እነሳ ነበር። አክስቴ ትስቅብኛለች። "አንቺ ልጅ፣ የምትወልጂውን ልጅ ማን ሊያጥብልሽ ነው?" ትለኝ ነበር።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት ከወሎ አምጥታኝ፣ የራሷ ልጅ ስላልነበራት እንደ ልጇ ያዘችኝ። የምንኖረው ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነበር። ጠዋት የምንነቃው በቆርቆሮ ቅጥቀጣ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው የሎሚ ዛፍ እንኳ የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር። አክስቴ በእርሾዋ የታወቀች ሴት ነበረች። በሰፈሩ የእሷ እርሾ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሴቶቹ ጣሳ ይዘው እየመጡ "ትንሽ ጣል አድርጊልኝ" ይሏታል፣ እሷም ከባልዲው ቀድታ ትሰጣለች፤ ለማን እንደምትሰጥና ለማን "ዛሬ አልደረሰም" እንደምትል ግን ራሷ ነበረች የምታውቀው። አቡክታ ስትጨርስ እጇን የማስታጥባት እኔ ነኝ። ከጆጉ ሳፈስላት "ይበቃል፣ አላህ ይውደድሽ" ትለኛለች። በየቀኑ ነበር የምትለኝ፤ ምርቃት መሆኑንም ረስቼው ነበር።

ባለቤቷን ጋሼ ነበር የምለው። የመርከብ መካኒክ ነበር። ዕድሜውን በሞተር ክፍል ውስጥ ጨርሶ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ማለቴ ነው፣ ባሕሩ የሌላ አገር ሆኖ፣ እሱም በስኳር በሽታ ከሥራ ወጥቶ ቤት ተቀምጧል። ከባሕር የቀረው አንድ ነገር ሳሎናችን ውስጥ፣ ሌላ ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ነበር። የዓሣ ገንዳ። የጨው ውሃ ገንዳ።

እንዴት እንደምጠላው ልንገራችሁ። መስታወቱን ያጣበቀው ሠፈራችን ያለ የመኪና መስታወት ሠራተኛ ስለነበር በአንድ ጥግ ሁልጊዜ ያነባል። ያነባው ውሃ ሲደርቅ ምንጣፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ በባዶ እግር ሲረገጥ ይኮሰኩሳል። ውሃውን ከአሰብ በጀሪካን የሚያመጡለት የሰፈራችን የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ ጀሪካኖቹ ድሮ የዘይት ነበሩ፣ ዘይቱም አልለቀቃቸውም። ዓሣዎቹን የሚቀልባቸው በደቀቀ የበሬ ልብ ነው። ልቡን የሚያደቀው በወጥ ቤታችን ቢላዋ ነው። የተረፈውን የሚያስቀምጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ውሃ ሲቀይር ነበር። የጎማ ቱቦ ገንዳው ውስጥ ይከትና ሌላውን ጫፍ አፉ ውስጥ አድርጎ ይስበዋል፤ የዓሣ ሽንት ያለበት ውሃ አፉ ድረስ ይመጣል፣ ትፍ ይለዋል፣ ከዚያ በዚያው አፉ ፈገግ ብሎ "ጨዋታ ነው፣ ነይ ሞክሪው" ይለኛል። እኔ ሮጬ ወደ ግቢ እወጣለሁ። እስካሁን ሰው በስትሮ ሲጠጣ ማየት አልወድም።

አክስቴም አትወደውም ነበር። የመስገጃ ምንጣፏን ከሳሎን አንስታ መኝታ ቤት ከወሰደች ቆይታለች። እንግዳ ሲመጣ በገንዳውና በእንግዳው መካከል ትቀመጣለች። ለእሱ ስትል ግን ዝም ትላለች። እሱ ወንበሩን ስቦ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ፣ ሰማያዊው መብራት ፊቱ ላይ እያረፈ ሲያያቸው "ተይው፣ እዚያ ሲሆን እግሩን አያመውም" ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰባት ዓሣዎች ነበሩ። ብርቱካንማ ሆነው ነጭ ሰንበር ያላቸው፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚበልጡ። አንድ በአንድ ሞቱ። ጠዋት ተነስቼ ለትምህርት ቤት ስዘጋጅ አንዱን በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘዋለሁ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ። ቁርሴን ትቼ እወጣለሁ። ሁለት ሲቀሩ ጋሼ መብላት ተወ። ቀኑን ሙሉ ገንዳው ፊት ተቀምጦ ያስባል። በኋላ ጥፋቱ የአሸዋው ነው አለ።

አሸዋው ግን በዚያ ገንዳ ውስጥ እኔ የምወደው ብቸኛ ነገር ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ከሚሠራ ፎቅ በኬሻ የመጣ የግንባታ አሸዋ ነው፤ ጋሼ አሥራ ሁለት ጊዜ አጥቦት፣ ከዚያም በአክስቴ ትልቁ ድስት ቀቅሎት ነበር። አክስቴ በዚያ ድስት ዳግመኛ ወጥ አልሠራችም። አሸዋው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይሸት ነበር።

"ንጹሕ ስለሆነ እኮ ነው የሚሞቱት" አለን ጋሼ። "ይሄ ሙት አሸዋ ነው። ሕያው አሸዋ ያስፈልገዋል፣ ቆየት ካለ ገንዳ የተወሰደ።"

"አሸዋ ደግሞ እንዴት ሕያው ይሆናል?" አለች አክስቴ።

ጋሼ አሰበ። ስለ ጥቃቅን ነፍሳት ሊያስረዳት ጀመረና ፊቷ ሲጨማደድ አይቶ ተወው። ከዚያ ፊቱ በራ። "እንደ እርሾ በይው" አላት። "ከሰው ቤት አንድ ጣሳ እርሾ አምጥተሽ የራስሽን ሊጥ ኩፍ ታደርጊው የለ? እንደዚያ ነው። ከሰው ገንዳ አንድ ባልዲ አሸዋ አምጥተን የእኛ አሸዋ ላይ እንጨምረዋለን፣ የእኛም ይነሳል።"

የአክስቴን ፊት ባያችሁት። በስንት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ገንዳ የገባት የመጀመሪያው ነገር ነበር። "እርሾማ ከሆነ" አለች፣ ቀና ብላ፣ "እርሾማ ከሆነ እኔ አውቃለሁ።"

አሸዋውን የሚሰጠን የጋሼ የድሮ ካፒቴን ነበሩ። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው፣ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ይኖራሉ፤ የእሳቸው ገንዳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል ይባላል። ጋሼ ራሱ ሊሄድ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን እግሩ ላይ ያለው ቁስል ብሶበት፣ ሐኪሞቹ አንድ የእግሩ ጣት መቆረጥ አለበት ብለው ሆስፒታል እንዲተኛ አዘዙ። ታክሲ ውስጥ ሲገባ በመስኮቱ እጄን ያዘኝ። እጁ ገንዳ ገንዳ ይሸታል። እኔም በልቤ ቶሎ በለቀቀኝ እያልኩ ነበር።

"ነገ ካፒቴኑ ጋ ሂጂልኝ" አለኝ። "አሸዋውን አምጥታችሁ ጨምሩት። ስመለስ ሁለቱን ላግኛቸው።"

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ሄድኩ። የካፒቴኑ ቤት ገና ከበሩ ይሸታል፤ የረጠበ ገመድ፣ የቆየ ዝገት፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ስም የሌለው ነገር። እሳቸው ረጅም፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተቀደደ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸውን እስከ ብብታቸው ገንዳው ውስጥ ከተቱና በጣሳ ከሥር አሸዋ እየዛቁ በቀለም ባልዲ ውስጥ ገለበጡት። ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሚንቀሳቀስ ነገር ነበረበት። ቀይ ትል፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ በሁለት ጎኑ ፀጉር ያለው፣ ከአሸዋው ወጥቶ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ሌላ። ሌላም ብዙ እግር ያለው፣ ነጭ፣ እንደ ቅማል ያለ ነገር። ቋቅ አለኝና ፊቴን አዞርኩ።

ካፒቴኑ ሳቁ። "ልጄ፣ ዓሣ በገዛ ሽንቱ ነው የሚሞተው" አሉኝ። "እነዚህ ናቸው ሽንቱን የሚበሉለት። አንቺ ቤት ያለው አሸዋ ንጹሕ ነው፣ የሚኖርበት የለም። ይሄ ግን ቤተሰብ አለው።"

ከዚያ ክዳኑን ባልዲው ላይ ጣል አደረጉና ጣታቸውን ቀስረው እንዲህ አሉኝ፤ እስከዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ታክሲ ውስጥ እንዳይደፋብሽ ለመንገዱ ብቻ ክደኚው። ቤት ስትደርሺ ክፈቺው፣ መተንፈስ አለበት። ዛሬውኑ ጨምሩት። እንዳያድር። ቀስ ብለሽ በእጅሽ እያሳረፍሽ፣ ነጩ አሸዋ ላይ ታለብሺዋለሽ።"

"እሺ" አልኳቸው። በእጅሽ የሚለውን ስሰማ እጆቼን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር።

ሁለት ታክሲ ለውጬ ወሎ ሰፈር ስደርስ ባልዲው ጭኔ ላይ እየተናጠ፣ በክዳኑ ዙሪያ የወጣው ውሃ ቀሚሴን አርሶት ነበር። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ "እህት፣ የሞተ ነገር ነው እንዴ የያዝሽው?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሕያው ነው ብል ማን ያምነኛል። በጨርቁ ውስጥ አልፎ ጭኔን የነካውን ውሃ እያሰብኩ፣ በውስጡም ያ ባለፀጉር ትል እያለ፣ ሰውነቴ ሁሉ ያሳክከኝ ነበር። ቤት ስደርስ ባልዲውን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ጭኔ እስኪቀላ ድረስ በሳሙና ፈተግኩት።

ስወጣ አክስቴ ባልዲውን ይዛ ቆማለች። "ምን አሉ ካፒቴኑ?" አለችኝ።

ዛሬውኑ ጨምሩት ብለዋል ብል፣ የምጨምረው እኔ ነኝ። ጋሼ እንደሌለ፣ እሷም እዚያ ገንዳ ውስጥ እጇን ከትታ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ትሉ በዓይኔ መጣ።

"ክደኚው ብለዋል" አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ብለው ነበር።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀው ነገር ነዋ። ክዳኑን ዙሪያውን በመዳፏ ተጭና አጠበቀችው። "በረንዳ ላይ ብርድ ይመታዋል" አለች፣ "ብርድ የመታው ሊጥ አይነሳም።" በአሮጌ ጋቢ ጠቀለለችው። ወጥ ቤት ወስዳ ከምድጃው አጠገብ፣ የሊጥ ባልዲዋ ከሚቀመጥበት ጎን፣ ሙቀቱ በሚያገኘው ጥግ አኖረችው። ቀና ብላም፣ "ሦስት ቀን አይነካም። እርሾ ሲነካኩት ይቀየማል" አለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። መተንፈስ አለበት የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ዝምታ ወርቅ ነው አይደል የሚባለው፤ የእኔ ዝምታ ግን ወርቅ ሳይሆን ስንፍና፣ ስንፍናም ብቻ ሳይሆን መጸየፍ ነበር። ሦስት ቀን እጄን ከዚያ ገንዳ አተርፋለሁ ብዬ ነው። ደግሞስ እኔ ምን አገባኝ አልኩ፤ ዓሣዎቹ ቢሞቱ ቤታችን እንደ ሰው ቤት ይሸታል። ይህን አስቤያለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር ብዬ ላመካኝ አልፈልግም፣ በዚያ ዕድሜ አውቆ ዝም ማለት ይቻላል።

ረቡዕና ሐሙስ አክስቴ ሆስፒታል ደርሳ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ባልዲው ነው። ጋቢውን አስተካክላ ትመለሳለች፣ ክዳኑን አትነካም። ለጋሼም "አሸዋህ ሞቆታል፣ አብሽር" ብላዋለች። እሱ በሕመም ማስታገሻ ደንዝዞ ስለነበር ነገሩን በደንብ አልሰማትም፣ ብቻ እጇን ይዞ "ሁለቱስ?" ይላታል። "ደህና ናቸው፣ ይጠብቁሃል" ትለዋለች። እኔ ለመጠየቅ አልሄድኩም። የተቆረጠውን ጣት አይቼ እንዳይዘገንነኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ የቁስሉን ሽታ ፈርቼ ነበር።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። በማግስቱ ጋሼ ይወጣል ተብሏል። ጋቢውን ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች።

ያንን ሽታ እንዴት ልግለጽላችሁ። ባለፈው ሳምንት ሕንጻችንን ያጥለቀለቀው ሽታ የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። የተበላሸ እንቁላል፣ ከሥሩ የሞተ አይጥ፣ ከዚያም ሥር ጨው። ዓይን ያስለቅሳል። አሸዋው ጥቁር፣ እንደ ከሰል ጥቁር ሆኗል፤ ላዩ ላይ ያለው ውሃ ግራጫ ስልባቦት ይዟል፣ ስልባቦቱ ላይ ትሎቹ ነጭ ሆነው፣ ተልፈስፍሰው ተኝተዋል። እኔ የሎሚው ዛፍ ሥር ደርሼ ነው ያስመለስኩት።

አክስቴ አልሮጠችም። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፍና ቆማ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ወጥታ "ይሸታል" አለችኝ፣ እየተጠራጠረች። "እርሾም ሲደርስ ይሸታል። ያልሸተተ እርሾ አልደረሰም። የባሕር ሲሆን ደግሞ ይብሳል መሰለኝ። አይደል?"

አፌን በእጄ ጠርጌ "መሰለኝ" አልኳት። አሁንም ላድናቸው እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

እሷ፣ ያንን ገንዳ በጨርቅ እንኳ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ወንበር ላይ ወጥታ እጇን እስከ ክርኗ ከተተችበት። "ቢስሚላህ" አለች። በባዶ እጇ ያንን ጥቁር ነገር እየዘገነች፣ ነጩ አሸዋ ላይ ሊጥ እንደምታለብስ ሴት ቀስ አድርጋ አለበሰችው። ሁለት ጊዜ ቋቅ ሲላት ጀርባዋ ሲነሳ ከበሩ ላይ አየሁ። ሁለት ጊዜም ውጣ ቀጠለች። ሁለቱ ዓሣዎች ጥግ ላይ ተጣብቀው ያዩዋት ነበር። ስትጨርስ ላብ አጥምቋት፣ ፊቷ ገርጥቶ ወረደችና "ሲመጣ ያየዋል" አለች። ውሃ አፈሰስኩላት። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። "ይበቃል፣ አላህ ይውደድሽ" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጠዋት ላይ ሁለቱም ዓሣዎች ተንሳፍፈው ነበር። ውሃው ግራጫ ሆኗል። አክስቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የራሷ ያልሆኑ ይመስል ታያቸዋለች። ዓሣዎቹን ልታወጣ አልደፈረችም፣ ነገሩን ከእሱ ልትደብቅም አልፈለገችም።

ጋሼ በክራንች ተደግፎ ገና በር ላይ ሲደርስ ሽታው ነገረው። ቆመ። ባልዲውን አየ፣ ክዳኑን አየ፣ የተጠቀለለበትን ጋቢ አየ። ሁሉም ነገር ወዲያው ገባው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ካፒቴኑ ምንም አላሉሽም?"

አክስቴ ቀደመችኝ። "ክደኚው ብለው ነበር" አለችው።

ጋሼ አሁንም እኔን ነበር የሚያየው። "ክደኚው አሉ?"

"አዎ" አልኩት።

ባልዲውን መልሶ አየ። "እርጅና ነው" አለ በመጨረሻ። "ድሮ እንዲህ አይነት ነገር አይሳሳቱም ነበር።" ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እያነከሰ አክስቴ ጋ ሄደ፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጆቿን ያዘ። እሷ ልታሸሻቸው ሞከረች። "ይሸታሉ" አለችው። እሱ ግን አልለቀቃትም። "አብሽሪ" አላት። "እርሾ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። የተመታው ዳዋ ደግሞ አንድ ብቻ አልነበረም፤ አክስቴ፣ ሽማግሌው ካፒቴን፣ ጋሼ ራሱ። አይጧ በሩ ላይ ቆማ በአፍንጫዋ ላይ መሃረብ ይዛ ነበር።

ገንዳው ዳግመኛ ውሃ አልተሞላም። ጋሼ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ እግሩ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ላይ ሄደ። እስከ መጨረሻው ድረስ እንግዳ ሲመጣ፣ አክስቴ እየሰማች፣ "እኔ ነኝ እንደ እርሾ ነው ብዬ ያሳሳትኳት" እያለ ይስቅ ነበር። ካፒቴኑን ግን አንድ ጊዜም ሄዶ አልጠየቃቸውም። አክስቴ ከዚያች አርብ ጀምሮ እጇን ስትታጠብ ታሸተዋለች። እርሾ ለጎረቤት መስጠት አቆመች፤ ጣሳ ይዘው ሲመጡ ለሁሉም "አልደረሰም" ነበር መልሷ። እኔም ጭኔ ላይ ያ ውሃ የነካኝ ቦታ አሁንም አንዳንድ ቀን ያሳክከኛል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው የፍሳሽ ቱቦ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ መስመሩ እስኪጠገን ውሃም ዘግተውብን ስለነበር፣ አክስቴ ለሦስተኛ ጊዜ ልትታጠብ ስትነሳ ጆጉን ይዤ ተከተልኳት። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ እጆቿን ዘረጋች። ቆዳቸው ስስ ሆኗል፣ ደም ሥራቸው ይታያል። ሳሙናውን እያሸች ሳለ ነገርኳት።

"እትዬ" አልኳት። "ካፒቴኑ እንዳያድር ብለውኝ ነበር። ዛሬውኑ ጨምሩት፣ ቤት ስትደርሺ ክፈቺው ብለውኝ ነበር። ክደኚው ያሉት ለመንገዱ ነበር።"

እጆቿ ቆሙ። አረፋው በጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ ሲፈነዳ አየዋለሁ። ከደረጃው የጎረቤቶች ድምፅ ይሰማ ነበር።

"እሱ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አያውቅም።"

"እኔን ይቅር እንዳለ ነው እንግዲህ የሞተው" አለች። አልተቆጣችም። እንዲያው ነገሩን ልታስታውሰው የፈለገች ይመስል ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ እጆቿን ወደ እኔ ከፍ አደረገች። "እስኪ አሽትቺው።"

ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን መዳፏ ላይ አሳረፍኩ። ሳሙና ነበር፣ ትንሽም ሽንኩርት። "ምንም የለም እትዬ፣ ለቆሻል" አልኳት።

እሷ ግን እጆቿን መልሳ ሳፋው ላይ ዘረጋች። አፈሰስኩላት። ይበቃል እስክትለኝ ድረስ ጠበቅኩ። ጆጉ አለቀ፣ ከጀሪካኑ ሞልቼ ተመለስኩ፣ እንደገና አፈሰስኩላት። ይበቃል አላለችኝም።